በቴሌግራምና በቲክቶክ ለሚሸጡ አነስተኛ ነጋዴዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱቅ ሳይከራዩ፣ ዕቃቸውን ቤት አስቀምጠው በስልክ የሚሸጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዎቹ በብዛት ከጫማና ከልብስ ሽያጭ የተወሰዱ ቢሆኑም አሠራሩ ለመዋቢያም፣ ለቤት ዕቃም፣ ለበርበሬና ለሽሮም ያው ነው። የብር መጠኖቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የገቡ ስለሆኑ በራሳችሁ ቁጥር ተኳቸው።

ቻናሌ 6,000 አባል አለው፤ የሚገዛ ግን የለም። ችግሩ ምንድን ነው?

የአባሉን ቁጥር ለጊዜው ተዉትና ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ከዓይን ምልክቷ ጎን ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። 6,000 አባል ኖሮት ፖስቱን የሚያየው 250 ሰው ከሆነ ቻናላችሁ የ250 ሰው ቻናል ነው። የቀሩት ወይ ድምፁን ዘግተው ረስተውታል፣ ወይ ለሽልማት ብለው የገቡ ናቸው።

ከዚያ ለ2 ሳምንት በደብተር 3 ቁጥር ያዙ፦ ፖስቱን ስንት ሰው አየው፣ ስንት ሰው ጻፈላችሁ፣ ስንት ሰው ገዛ። እይታ እያለ የሚጽፍ ከሌለ ጉድለቱ ፖስቱ ላይ ነው፤ ፎቶው፣ ዋጋው ወይም መረጃው ጎድሏል። ብዙ ሰው እየጻፈ የሚገዛ ከሌለ ደግሞ አመላለሳችሁን፣ ዋጋችሁንና የዴሊቨሪ አሠራራችሁን መርምሩ። እይታው ራሱ ከወደቀ አዲስ ሰው ማምጣት ያስፈልጋል። ይህን ሳይለዩ ማስታወቂያ መክፈል ብር መበተን ነው።

በስልክ የሚገዛ ሰው ዕቃውን አልዳሰሰውም፣ እናንተንም አያውቃችሁም። «ብሩን ልኬ ቢጠፉስ? ባይሆነኝስ? ፎቶው ላይ ያለው ባይመጣስ?» እያለ ያስባል። እነዚህን በአፉ አይጠይቃችሁም፤ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ቻናል ይሄዳል። ሥራችሁ ሳይጠይቅ መመለስ ነው።

ዋጋውን ልጻፍ ወይስ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ልበል?

ጻፉት። «ኢንቦክስ አድርጉ» የሚለው ልማድ ብዙ ሽያጭ ያበላሻል። ዋጋው ያልተጻፈበት ዕቃ ለገዢው ወይ በጣም ውድ ነው፣ ወይ እንደ ሰው ፊት የሚለዋወጥ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ጠይቆ «አልችልም» ማለት ያፍራል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያውም አይጠይቅም። ዋጋ ያልጻፋችሁት ተፎካካሪ እንዳያይባችሁ ከሆነ ተፎካካሪያችሁ በሌላ ስልክ ጽፎ በ1 ደቂቃ ያገኘዋል፤ የተደበቀው ከደንበኛው ብቻ ነው።

አንድ ፖስት ላይ ምን ምን መኖር አለበት?

ገዢው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ማዘዝ የሚችልበት ሁሉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የሴት ስኒከር፣ ነጭና ጥቁር፣ አዲስ
ሳይዝ፦ 37 (የእግር ርዝመት 23.5 ሳ.ሜ)፣ 38 (24 ሳ.ሜ)፣ 40 (25.5 ሳ.ሜ)። 39 አልቋል
ላዩ ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ሶሉ ጎማ
ዋጋ፦ 2,500 ብር
ዴሊቨሪ፦ ቦሌ፣ መገናኛ፣ 22 አካባቢ 150 ብር፤ ጀሞ፣ አያት፣ ቃሊቲ 250 ብር
ለክተው ካልሆነዎት ሞተረኛው እዚያው ይመልሰዋል፤ የሚከፍሉት ዴሊቨሪውን ብቻ ነው
መጥቶ ማየት ለሚፈልግ፦ መገናኛ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከ4 እስከ 11 ሰዓት
ለማዘዝ ሳይዝ፣ ሰፈርና ስልክ ቁጥር ይላኩልን»

እዚህ ላይ ሳንቲሜትሩን አትዝለሉት። 38 የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው ጫማዎች ሁሉ እኩል አይደሉም፤ ሳይዝ ባይሆን የሚመለሰው ዕቃ ደግሞ በሞተረኛ ሒሳብ ይበላችኋል። ደንበኛው ወረቀት መሬት ላይ አንጥፎ ተረከዙን ከግድግዳ አስጠግቶ ይቁም፣ የረጅሙን ጣት ጫፍ በእርሳስ ያመልክት፣ በሜትር ይለካ። ይህን የሚያሳይ የ10 ሰከንድ ቪዲዮ አንድ ጊዜ ቀርጻችሁ ቻናሉ ላይ ፒን አድርጉት (ሁልጊዜ ከላይ እንዲታይ አስሩት)።

ሰው ሠራሽ ቆዳን «ኦሪጅናል ሌዘር» አትበሉ። ደንበኛው ሲለብሰው ያውቀዋል፣ ሁለተኛ አይመጣም።

በተራ ስልክ ጥሩ ፎቶ እንዴት ይነሣል?

ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። የደበዘዙ ፎቶዎች ብዙዎቹ የጣት ቅባት ያለባቸው ናቸው። ከዚያ መስኮት አጠገብ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አምፖል አጥፍታችሁ አንሡ። አምፖሉ ቢጫ ከሆነ ነጩ የሐበሻ ቀሚስ ክሬም ይመስላል፣ የጥለቱም ቀለም ይቀየራል፤ «በፎቶው ሌላ ነበር» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል ነጭ ካርቶን ብታቆሙ ጨለማው ጎን ይበራል። ዙም አታድርጉ፣ እናንተ ቅረቡ።

ለአንድ ዕቃ 5 ፎቶ ይበቃል፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስፌቱ ወይም ጨርቁ በቅርበት፣ ሰው ለብሶት። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ጭረቱን ለብቻው አንሥታችሁ ጨምሩ። ከመልቀቃችሁ በፊት ስልኩን ከዕቃው ጎን አድርጋችሁ ቀለሙን አስተያዩ። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ከተጠቀማችሁ ግን ቢያንስ አንዱ በእጃችሁ ያለው ዕቃ ፎቶ ይሁን።

ቪዲዮ ላይ ፊቴን ማሳየት አልፈልግም። ቲክቶክ ይቅርብኝ?

አይቅር። እጅና ድምፅ ይበቃሉ። ጫማውን ከካርቶን ስታወጡ፣ ሶሉን ስታጥፉት፣ ቀሚሱን ስትዘረጉት፣ ትእዛዝ ስታሽጉ ቅረጹ። ከ15 እስከ 25 ሰከንድ ይበቃል። መጀመሪያ ዕቃው ይታይ፤ «ሰላም ውድ ተከታዮቻችን፣ እንዴት ናችሁ» ብላችሁ 6 ሰከንድ ካባከናችሁ ተመልካቹ አልፏል። ዋጋውንና የቴሌግራም ስማችሁን በጽሑፍ እዚያው ቪዲዮው ላይ አስቀምጡ፤ ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ነው የሚያየው።

በቀን ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት ልልቀቅ?

ለቴሌግራም በቀን 2 ወይም 3። በአንድ ጊዜ 20 ፎቶ ተራ በተራ ከለቀቃችሁ ሰው ድምፁን ይዘጋባችኋል፤ በአንድ አልበም እስከ 10 ፎቶ ስለሚገባ አንድ ላይ አድርጓቸው። ከምሳ ሰዓት፣ ማለትም ከ6 ተኩል እስከ 7 ተኩል፣ እና ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ጀምሩና በደብተራችሁ ቁጥር አስተካክሉ። በሰዓቱ መገኘት ካልቻላችሁ መላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት የቀጠሮ ምርጫ ይመጣል፤ እሑድ ማታ ተቀምጣችሁ የሳምንቱን ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

ሰዎች ይጠይቁና ይጠፋሉ። ምን ላድርግ?

ይህን ተመልከቱ።

ገዢ፦ «38 አለ?»
ሻጭ፦ «አለ።»

ወሬው እዚህ ሞተ። ሻጩ መልስ ሰጥቷል፣ ግን ቀጣዩን እርምጃ ለገዢው ጥሎለታል። እንዲህ ቢሆንስ፦

«አለ፣ ነጩም ጥቁሩም። እግርዎ 24 ሳ.ሜ ከሆነ ልክዎ ነው። ከ9 ሰዓት በፊት ካዘዙ ዛሬውኑ ይደርስዎታል። የትኛውን ቀለም ላስቀምጥልዎ? ሰፈርዎስ የት ነው?»

መልሱ ሁልጊዜ በቀላሉ በሚመለስ ጥያቄ ይጨረስ። ተደጋጋሚ መልሶችን ቴሌግራም ውስጥ ሴቭድ ሜሴጅስ (ለራሳችሁ ብቻ የሚታይ ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጣችሁ እየቀዳችሁ ላኩ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ መመለስ ያስችላችኋል። የጠፋን ሰው በማግሥቱ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱት፦ «ትናንት የጠየቁኝ 38 አንድ ጥንድ ቀርቷል፣ ላስቀምጥልዎ?» ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ መጻፍ ግን መጨቅጨቅ ነው።

«ያዝልኝ» ላለ ሰው ያለ ቀብድ ከ24 ሰዓት በላይ አትያዙ። ይህንም አስቀድማችሁ ንገሩት።

የክፍያ ስክሪንሾት ልመን?

አትመኑ። ስክሪንሾት በስልክ ላይ በ2 ደቂቃ ይቀየራል፤ ስሙም፣ መጠኑም፣ ቀኑም። አጭር የጽሑፍ መልእክትም ይመሰላል። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ከተራ 09 ቁጥር «ገቢ ተደርጎልዎታል» የሚል ከመጣ የሐሰት ነው። ትክክለኛው ማረጋገጫ የራሳችሁን መተግበሪያ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን ማየት ነው፤ ቴሌብርም ይሁን ኤም-ፔሳ፣ የባንክ ሒሳብም ይሁን።

አጭበርባሪው የሚመጣው ስትቸኩሉ ነው፤ ማታ፣ የበዓል ዋዜማ፣ ወይም ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ። «ኔትወርክ ስለሌለ ዘግይቶ ይገባል» ካለ መልሱ «ሲገባ ዕቃው ይወጣል» ነው። ሞተረኛችሁንም አስጠንቅቁት፦ እናንተ ደውላችሁ «ገብቷል» ሳትሉ ዕቃውን አያስረክብ።

ሲደርስ ክፍያ ይሻላል ወይስ ቅድሚያ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለአዲስ ደንበኛ ሲደርስ ክፍያ ብትፈቅዱ ሽያጭ ይጨምራል፤ ፍርሃቱን ያነሣለታል። የዴሊቨሪውን ብር ግን አስቀድማችሁ ተቀበሉ። 150 ብር የላከ ሰው ስልኩን አያጠፋም። በትእዛዝ የሚሰፋ ልብስ ከሆነ ከመቀሱ በፊት ግማሽ ቀብድ ይያዝ።

ወደ ክፍለ ሀገር ሲሆን ሙሉ ክፍያ ቅድሚያ ነው። በምትኩ ለገዢው መተማመኛ ስጡት፦ ዕቃው ሲታሸግ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የሹፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክ፣ መናኸሪያ የሚደርስበትን ሰዓት።

«ዴሊቨሪ ነፃ» ማለት ያዋጣል?

ይህን ለመመለስ በአንድ ዕቃ ላይ የምታተርፉትን በትክክል ማወቅ አለባችሁ። ብዙ ሻጭ የገዛበትን ከሸጠበት ቀንሶ «700 ብር አተረፍኩ» ይላል። እንቁጠረው። ጫማው ከመርካቶ 1,800 ብር ተገዛ። የታክሲና የጫኝ ድርሻው 50 ብር። ፌስታል፣ ካርቶንና ፕላስተር 40 ብር። ከ10 ጥንድ አንዱ ቢመለስ የሞተረኛው የመልስ ጉዞ በአማካይ 200 ብር በእናንተ ነው፤ ለ10 ሲካፈል 20 ብር። ድምሩ 1,910። በ2,500 ሲሸጥ ትርፉ 590 ብር ነው።

አሁን ዴሊቨሪውን ነፃ አድርጉና 200 ብር ቀንሱ፦ 390 ቀረ። ያው ደንበኛ «ቀንሱልኝ» ብሎ 200 ካስቀነሰ 190 ብር። 590 ለማግኘት ከ3 ጥንድ በላይ መሸጥ ሊኖርባችሁ ነው። ነፃ ዴሊቨሪ የሚያዋጣው አንድ ሰው 2 ዕቃ ሲገዛ ነው፤ አንድ ጉዞ፣ ሁለት ትርፍ። «2 ለሚገዛ ዴሊቨሪ በኛ» ብላችሁ ጻፉ።

ሌላው ስሕተት ዋጋን በድሮ ግዢ መተመን ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባ ዕቃ መተኪያ ዋጋው ቶሎ ይቀየራል። «በስንት ገዛሁት» ሳይሆን «ነገ መርካቶ ሄጄ ብተካው ስንት ይሆናል» ብላችሁ ተምኑ። አለበለዚያ ሁሉንም ሸጣችሁ መልሳችሁ የምትገዙት ቁጥር ያንሳል፤ ካፒታል ሳይታወቅ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ቡስት (ከፍሎ ፖስቱን ለብዙ ሰው ማሳየት) ላስደርግ?

ያለ ማስታወቂያ ራሱ ብዙ መልእክት ያመጣ ፖስት ካላችሁ እሱን ቡስት አድርጉ። ማንም ያልፈለገውን ዕቃ በገንዘብ ተፈላጊ ማድረግ አይቻልም። አዲስ አበባ ብቻ የምታደርሱ ከሆነ ቦታውን አዲስ አበባ ብቻ አድርጉ፣ ግቡን «መልእክት» አድርጉ፣ በትንሽ ብር ለ4 ቀን ሞክሩ።

ውጤቱን በላይክ አትለኩ። 3,000 ብር ከፍላችሁ 60 ሰው ጽፎ 6 ሰው ከገዛ አንዱ ሽያጭ 500 ብር አስወጣችሁ ማለት ነው። ከላይ ካለው 590 ላይ ሲነሣ 90 ብር ቀረ። ጫማ ብቻ የምትሸጡ ከሆነ ከንቱ ድካም ነው፤ ገዢው በየወሩ የሚመለስበት ዕቃ፣ ለምሳሌ የፀጉር ቅባት ከሆነ ግን ሊያዋጣ ይችላል።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ብዙ ሰው በወኪል ያስደርጋል። ለወኪሉ የይለፍ ቃል አትስጡ፤ ከገጹ ቅንብር ውስጥ የማስታወቂያ ሥራ ብቻ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። ሲጨርስ የወጣውን ብርና የመጣውን መልእክት የሚያሳይ ገጽ ስክሪንሾት ጠይቁት።

ተከታይ ልግዛ?

አይ። የተገዛ ተከታይ አይገዛም፣ የሚያስተውል ደንበኛም አባሉንና እይታውን አስተያይቶ ይሸሻል።

የበዓል ገበያ ዝግጅት መቼ ይጀመር?

ከበዓሉ 6 ሳምንት በፊት። በተለይ የሐበሻ ልብስ ሸማኔና ልብስ ሰፊ ስለሚጠብቅ «ለገና ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ኅዳር ላይ ይጀምራል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፤ ጥር 12 የደረሰ ቀሚስ ደንበኛ ያሳጣል። የመጨረሻውን የትእዛዝ ቀን በትልቁ ጻፉ፣ ካለፈ በኋላም አትቀበሉ።

ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል። በሑዳዴ 55 ቀን የሠርግና የድግስ ዕቃ ይቀዘቅዛል፣ ሽሮ፣ የጾም ኬክና የመሳሰለው ግን ይፈለጋል። የረመዳንና የአረፋ ቀን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም በያመቱ ቀኑን አይታችሁ ምልክት አድርጉ። ደመወዝንም አስቡ፦ በፈረንጅ ወር የሚከፍሉ ድርጅቶች ብሩ የሚገባው በእኛ ወር ከ20 እስከ 23 አካባቢ ነው፤ በኢትዮጵያ ወር የሚከፍሉት ደግሞ ወደ ወሩ መጨረሻ። ውድ ውድ ዕቃችሁን በ10ኛው ቀን ለቃችሁ «ገበያ የለም» አትበሉ።

ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን እዚህ ላሉ ቤተሰቦቻቸው ያዛሉ። ምን ልጠንቀቅ?

እነዚህ ደንበኞች ዋናው ጭንቀታቸው «ለእናቴ በእርግጥ ደርሷል?» ነው። ከተቀባይዋ ፈቃድ ጋር ስጦታው ሲሰጥ የተነሣ ፎቶ ወይም አጭር ቪዲዮ ላኩላቸው፤ ይህ ብቻውን ደጋግመው እንዲያዙ ያደርጋቸዋል። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሺንግተን ገና ቀትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የማታው ፖስት ለእነሱም ይደርሳል፤ ዱባይ ከእኛ የሚበልጠው በ1 ሰዓት ብቻ ነው። ክፍያውን በሕጋዊ የሐዋላ መንገድ ወይም እዚህ ባለ ዘመድ በኩል ተቀበሉ። የተቀባይዋን ስልክ አስቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር አድራሻው የሚገኘው በስልክ ነው።

ቤቴ ሆኜ ስሸጥ ንግድ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለዚህ ዓይነቱ ንግድ ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል እንጂ ከፈቃድና ከግብር ነፃ አላደረገም። መጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣል፣ ከዚያ ምዝገባና ፈቃድ። ለድርጅት መሸጥ ስትጀምሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ደረሰኝ ነው።

ቻናሌ እንዳይሰረቅ?

ቴሌግራም ላይ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የይለፍ ቃል አስገቡ። በመልእክት የሚመጣላችሁን ኮድ ለማንም፣ «የቴሌግራም ሠራተኛ ነኝ» ለሚልም ቢሆን አትስጡ። ሠራተኛ አድሚን ስታደርጉ ሌላ አድሚን የመጨመር መብቱን አጥፉ። የደንበኞቻችሁን ስልክ በወረቀትም ያዙ።

ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ሞራሌ ይወድቃል። እንዴት ልቀጥል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል፣ አብዛኛው ሰው የሚያቆመውም እዚህ ላይ ነው። ብቻችሁን ቤት ተቀምጣችሁ ስልኩ ዝም ሲል ከባድ ነው። ሁለት ነገር ለዩ፦ በእጃችሁ ያለውንና የሌለውን። ዛሬ ማን ይገዛል የሚለው በእጃችሁ አይደለም። ዛሬ 1 ቪዲዮ መቅረጽ፣ 2 ፖስት መልቀቅ፣ ለ5 የቀድሞ ደንበኞች «ጫማው እንዴት ሆነልዎ?» ብሎ መጻፍ ግን በእጃችሁ ነው። የቀኑን ሥራ በዚህ ለኩት። ከ5ቱ አንዱ ፎቶ ይልክላችኋል፣ አንዱ ለእህቱ ይጠይቃል። ፎቶውን ስሙንና ስልኩን ሸፍናችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ቻናሉ ላይ አውጡት፤ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሠራል።

የሥራ ሰዓት ይኑራችሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስልኩን አስቀምጡ፤ በእንቅልፍ እጦት የሚሰጥ መልስ ቁጡ ይሆናል፣ ደንበኛም ያስቀይማል። ሰዓቱን ቻናሉ መግለጫ ላይ ጻፉት፣ ሰው ያከብረዋል።

ብርታትን የሚያሟጥጠው አንዳንዴ ሽያጭ ማጣት ሳይሆን ሠርቶ ብሩን አለማየት ነው። የሽያጩን ብር ለብቻው ባለ ሒሳብ ያዙ። በየሳምንቱ ከትርፉ ብቻ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ። እቁብ ከገባችሁ ጥሩ ነው፤ የሚከፈለው ግን ከትርፍ ይሁን፤ የዕቃ መግዣውን እቁብ የጣለ ሰው ዕጣው እስኪደርሰው የሚሸጠው ያጣል።

2 ወር ሙሉ በየቀኑ ሠርታችሁ የሚጽፍላችሁ ሰው ቁጥር ካልጨመረ ዕቃውን ቀይሩ። ዕቃ መቀየር ሽንፈት አይደለም።

ጓደኛና ዘመድ በዱቤ ይጠይቁኛል። እንዴት እንቢ ልበል?

ሳይጠየቅ በፊት ደንብ አውጡ፦ ለቤተሰብ ቅናሽ 100 ብር፣ ዱቤ የለም፣ ለማንም። ከ590 ትርፍ 100 መቀነስ ትችላላችሁ፤ 1,910 የወጣበትን ዕቃ በዱቤ መስጠት ግን የነገን ጫማ መስጠት ነው። ስትመልሱ ረጅም ምክንያት አትደርድሩ። «የኔ እመቤት፣ ዕቃውን በሸጥኩት ብር ነው መልሼ የምገዛው፣ ዱቤ አልያዝኩም። ለአንቺ 100 ብር ቀንሼ እስከ ደመወዝሽ ቀን አስቀምጥልሻለሁ።» ዕቃው እናንተ ዘንድ ይቆያል፣ ለእሷም ስሟ ተጽፎበት ይጠብቃታል።